ገረመው ያላያት የሜክሲኮ ከተማ

ገረመው ይመር አውሮፕላን ላይ አንድም ቀን ሳይሳፈር ዓለምን የዞረ ሰው ነበር። በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የመንገደኛ ሻንጣ በጋሪ እየገፋ ነው የሸበተው። በዚያ በደርግ ጊዜ የመውጫ ቪዛ ማግኘት ከሰማይ ኮከብ እንደ ማውረድ ነበርና፣ ከውጭ የገባ ሰው ሲያገኝ አይለቀውም። ሻንጣውን እየገፋ «ሮማ ምን ትመስላለች? የሞስኮ በረዶ እስከ ጉልበት ነው የሚባለውስ እውነት ነው?» እያለ በጥያቄ ያጣድፈዋል። የለቀመውን ወሬ ይዞ ሃያ ሁለት ወዳለው ቤቱ ይገባል። ወር በገባ በአሥራ ሁለት፣ በሚካኤል ማኅበር ላይ፣ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ከተቀዳ በኋላ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው አቶ ገብረሰንበት ጉሮሯቸውን ይጠርጉና «እስቲ ገረመው፣ ዛሬ ደግሞ ወዴት ትወስደናለህ?» ይሉታል።

ሹመት የለው፣ ሀብት የለው፤ ክብሩ ያቺ ጥያቄ ብቻ ነበረች።

በኋላ ዓለምሰገድ ሜክሲኮ ሄደ።

ዓለምሰገድ የማኅበሩ ታናሽ ነው፤ ሥራው ቡና ቀማሽነት። አለቆቹ ለቡና ስብሰባ ባሕር ማዶ ሲሻገሩ ምላሱን ፈልገው አስከተሉት። ስብሰባው ሲያበቃም ቡና የሚበቅልባትን አንዲት የተራራ ከተማ ሁለት ቀን አስጎበኙት። ወሬውን ለገረመው ያደረሰችው ሾላ ገበያ ቅመም የምትሸጠው ማኅበርተኛቸው ዘርፌ ናት።

«ሰሙ ጋሽ ገረመው? የኛ ዓለምሰገድ ሜክሲኮ ደርሶ መጣ!»

«ሜክሲኮማ እኔም በአውቶቡስ ደርሼ እመጣለሁ።»

«ኧረ አደባባዩን አይደለም! ባሕር ማዶውን!»

«አውቄ ነው ባክሽ» አለ ገረመው። ሊገዛ የመጣውን ኮረሪማ ሳይገዛ ተመለሰ።

ያን ቀን እህል አልወርድ አለው። ዕድሜ ልኩን ሻንጣ የገፋ እሱ፣ የበረረ ሌላ! ያውም ማን? ሰላምታ እንኳ በሁለት ቃል የሚጨርስ ልጅ። አምላክ በዓይኑ ለማያይ ሰው መንገድ ሲሰጥ፣ ምን ይባላል? ቅናቱ እንደ ነቀዝ ከውስጥ ቦረቦረው።

የወሩ ተረኛ ዘርፌ ነበረች። ድግሱ ቤቷ ተበልቶ ሲያበቃ ሙሴው እንደ ልማዳቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ገረመው ሳያስበው ነጠላውን አስተካከለ።

«ዛሬስ ገረመው ይረፍ» አሉ። «ዓለምሰገድ፣ አንተ ውሰደን።»

ዓለምሰገድ ጉልበቱን አሻሸ። «ጥሩ አገር ነው» አለ። ጠበቁት። «ዳገት ይበዛዋል። ብርድም አለው።»

«በቃ?» አለች ዘርፌ። «አንተ፣ እንጦጦ ወጥተህ ነው እንዴ የተመለስከው?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የገረመው ልብ ቅቤ ጠጣ።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ዘርፌ ወደ እሱ ዞረች። «ጋሽ ገረመው፣ መንገደኛ ማናዘዝ ይችሉበት የለ? ይህንንም ያናዝዙልን!»

ገረመው ሊያሳፍረው ነበር ያሰበው። «ቤቶቹ ምን ይመስላሉ?» ሲለው ዓለምሰገድ «ነጭ ናቸው» ብቻ አለ። ይሁን እንጂ ገረመው የመንገደኛን ጠባይ ያውቃል፤ አንዱ በዓይኑ ይጓዛል፣ አንዱ በሆዱ። የዚህ ልጅ እንጀራ ደግሞ አፍንጫውና ምላሱ ነው። እንደ ልማዱ ጥያቄው አመለጠው።

«ጠዋት በሩን ስትከፍት ምን ሸተተህ?»

ዓለምሰገድ ዓይኑን ጨፈነ። «ጉም» አለ። «ጉም ሽታ ያለው አይመስላችሁም። እዚያ ግን የጥድ ጭስና የረጠበ ድንጋይ ይሸታል። መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ጠባብ፣ እንደ መሰላል የቆመ። በየደጃፉ ቡና እንዲደርቅ ይሰጣል፤ ሰው ቡናውን ላለመርገጥ ግድግዳ ታክኮ ነው የሚያልፈው። ደግሞ ሴቶቹ የበቆሎ ቂጣ ይጋግራሉ። በርበሬ ጠቅልለውበት በእጅ ነው የሚበሉት።»

«በእጅ?» አሉ ሙሴው።

«በእጅ! እንደኛ! በርበሬው መጀመሪያ ጣፈጠኝ፣ ከዚያ አስለቀሰኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ ዓለምሰገድ ተጠጋ። ያን ጊዜ ነው ገረመው ያደረገውን ያስተዋለው። በገዛ ጥያቄው ሌላ ተራኪ እያወጣ ነው! አፉን ዘጋ። ዓለምሰገድም ጥያቄ ሲያጣ እንደ ደረቀ ምንጭ ቀጥ አለ። የዳገቱን ጫፍ ሳይደርስ ቆመ፤ ቤቱ ሁሉ ጠበቀ። ገረመው ጠላውን አነሳ፣ አስቀመጠ። ዝም ቢል ወሬው እዚያው ይሞታል፤ በሚመጣው ወርም የሙሴው ጥያቄ ወደ እሱ ትመለሳለች። ዳሩ ግን ከዳገቱ ጫፍ ምን እንዳለ ሳያውቅ እንዴት ሊተኛ ነው?

«ጫፍ ላይስ?» አለ፣ ከጥርሱ መካከል።

«ቤተ ክርስቲያን። ደዋዩ ሽማግሌ እንግዳ መሆኔን አይቶ ገመዱን ሰጠኝ። ስስበው ደወሉ ተራራውን ዞሮ ተመልሶ ደረቴ ውስጥ ገባ።» ዓለምሰገድ ዓይኑን ገለጠ። «ጋሽ ገረመው፣ እውነቴን ነው፣ በእኔ ፋንታ እርስዎ ቢሄዱ ይሻል ነበር።»

«እሱስ ልክ ነህ!» ብለው ሁሉም ተስማሙ። ከሰማው ሁሉ እንደዚህ ያመመው የለም።

የነፍስ አባታቸው አባ ገብረዋሕድ የደረሱት ይኼኔ ነው። «ምን አመለጠኝ?» አሉ፣ እየባረኩ።

«ገረመው፣ ለአባ ድገምላቸው» አሉ ሙሴው።

ገረመው ጀመረ። ጉሙን አወረደው፣ ዳገቱን አቆመው፣ ሴቶቹን ከነሳቃቸው ደጃፍ ላይ አስቀመጣቸው። ዓለምሰገድ ራሱ አፉን ከፍቶ አዳመጠ። ገና ዳገቱ ወገብ ላይ ሳሉ አባ ገብረዋሕድ እጃቸውን ዘረጉ።

«ለዚህ ያበቃህ ይመስገን! መቼ ገባህ፣ ልጄ?»

ዓለምሰገድ መሬት መሬት ያያል፤ አፍ አውጥቶ እንደማይናገር ያስታውቃል። «ሰሞኑን» የምትል ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ጣፋጭ ነበረች።

«እኔ አልሄድኩም፣ አባ» አለ ገረመው። «ያየው እሱ ነው።»

አባም ሙሉ ሰውነታቸውን ወደ ዓለምሰገድ አዞሩ። «አንተ ነህ እንዴ? ታዲያ ከዚያስ፣ ልጄ?»

«ከዚያማ... ወጣሁ» አለ ዓለምሰገድ፣ ጉልበቱን እያሻሸ። «ጫፉ ላይ ደረስኩ።» እንደገና ቀጥ አለ።

ገረመው ጥቂት ታገሠ። ከዚያ ቆጣ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ፣ «ደወሉን ንገራቸው እንጂ!» አለው።