ለልብወለድ የጾምኩት ጾም

«ጊዜውን ከየት ታመጪዋለሽ?» የሚሉኝ ሰዎች ይገርሙኛል። ጊዜ ያጠራቸው እንዳይመስላችሁ። ጠዋት ለሻይ ወጥተው አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሚመለሱ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ስልካቸውን በአውራ ጣታቸው እየገፉ የማያውቁት ሰው ሲጨፍር እያዩ ቀኑን የሚያስመሹ ናቸው። እኔ ስልሳ ሰዓት የሚፈጅ ልብወለድ አነባለሁ ስል ግን ዐይናቸው ይፈጣል። ያንኑ ስልሳ ሰዓት ለስብሰባና ለደረጃ ዕድገት ሐሜት ባውለው ማንም ምንም አይለኝም ነበር።

የማነበው ነገር ቪዥዋል ኖቨል ይባላል። በኮምፒውተር የሚነበብ ልብወለድ ነው። ከላይ ሥዕል አለ፣ ከሥር ጽሑፍ አለ፣ ከኋላ ሙዚቃ አለ፤ አንዱን ዐረፍተ ነገር ጨርሰው ሲጫኑ ሌላው ይመጣል። አልፎ አልፎ ታሪኩ ይቆምና «ምን ላድርግ?» ይላል፤ አንባቢው በመረጠለት መንገድ ይቀጥላል። አብዛኞቹ ጃፓን አገር ተጽፈው ወደ እንግሊዝኛ የተመለሱ ናቸው። ይኼን ሁሉ አንድ ጊዜ ለባልደረቦቼ በትዕግሥት ሳስረዳ ቆይቼ ሲያበቃ፣ አንደኛው «አሃ፣ የልጆች ፊልም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ማስረዳቱን ትቻለሁ።

የምሠራው ካዛንቺስ፣ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። ለደብዳቤ ቁጥር እሰጣለሁ፣ ፋይል አወጣለሁ፣ ፋይል እመልሳለሁ። ቤቴ ቂርቆስ ነው፤ ከእናቴና ከእህቴ ጋር፣ ቴሌቪዥኑ ለእንቅልፍ ካልሆነ በቀር በማይጠፋበት ቤት። ያን ጊዜ የያዝኩት ልብወለድ የአንዲት ሰዓት ጠጋኝ ታሪክ ነበር። ወደብ ከተማ ውስጥ ትኖራለች፤ ወንድሟ በመርከብ ሄዶ ቀርቷል፤ ትጠብቀው ወይስ ትተወው እያለች ዓመታት ያልፋሉ። ገና ሰሞን ጀምሬው ዐቢይ ጾም ሲቃረብ አሥር ሰዓት እንኳ አላነበብኩም። ላፕቶፔ ደግሞ ያረጀ ነው። ሜክሲኮ የወሰድኩት ጠጋኝ አገላብጦ አይቶት «ሁለት ወር ከሠራልሽ ተመስገን በይ» ብሎኝ ነበር። እና ቸኩያለሁ።

በሚኒባስ ሞከርኩ። ሚኒባስ ውስጥ ላፕቶፕ ጭን ላይ ከፍቶ ማንበብ ማለት ለተሳፋሪው ሁሉ ማንበብ ማለት ነው። አንድ ቀን መስቀል አደባባይ መብራት ይዞን ቆመን ሳለ፣ ወደሚቀጥለው ዐረፍተ ነገር ላልፍ ስል አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ «ቆይ፣ አልጨረስኩም» አለኝ። ጠበቅሁት። ሲጨርስ «ቆይ ይቺ ልጅ ግን ለምን አታገባም?» ብሎ ጠየቀኝ። ላፕቶፑን ዘጋሁት።

የቀረኝ የምሳ ሰዓት ብቻ ነበር። እሱም የኔ አልነበረም። በእኛ መሥሪያ ቤት ምሳ ለብቻ አይበላም። ስምንት ሰው ምሳ ዕቃውን ይዞ ይመጣል፣ የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ሁሉም ይከፈታል፣ ሁሉም ከሁሉም ይጎርሳል። ደግ ልማድ ነው ይባላል። በጾም ሽሮ ከሽሮ ጋር ይቀላቀልና ሌላ ሽሮ ይሆናል። ጨዋታውም እንደ ወጡ ነው፤ ትናንት የተረፈው ዛሬ ይሞቃል። ከዚያ ጠረጴዛ ደግሞ መቅረት አይቻልም። ሥራ አለብኝ ያለ ሰው ምሳው ያለበት ድረስ ይመጣለታል። አሞኛል ያለ በግድ ይጎርሳል። ማንበብ እፈልጋለሁ ያለ እንደሆነ ግን ተጣልቷል ማለት ነው፤ አስታራቂ ይላክበታል።

ከእነሱ ሊያስጥለኝ የሚችል እግዚአብሔር ብቻ መሆኑ የገባኝ ጾሙ የገባ ሰሞን ነው። ጾሙንስ ሁላቸውም ይጾማሉ፤ ማለቴ ሥጋና ቅቤ ይተዋሉ እንጂ ምሳ አይተዉም። አጥባቂ የሆነ ሰው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አይቀምስም። ሰኞ ዕለት ሊጠሩኝ ሲመጡ «ዘንድሮ እስከ ዘጠኝ ይዣለሁ» አልኳቸው። አንዷ «ያስፈጽምሽ» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችልኝ። በሠራሁባቸው ስድስት ዓመታት በዚያ መሥሪያ ቤት በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት ገነት ነበር። ከፋይል መደርደሪያው ጀርባ ቁጭ ብዬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ ከመሳቢያዬ ዳቦ ቆሎ እየቆረጠምኩ በየቀኑ አንድ ሙሉ ሰዓት አነበብኩ። ስምንት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ አርባ ሰዓት። ቅዳሜና እሑድ ከቤት የምሰርቀው ሲጨመርበት ይበቃኛል። ኃጢአት መሆኑ አልታየሽም ወይ ለሚለኝ፣ ታይቶኛል። ግን ያን ጠረጴዛ ያየ ሰው ይፈርድልኛል ብዬ አስብ ነበር።

ስሜ ወዲያው ወጣ። አለቃችን በምሳ ሰዓት ፋይል መጠየቅ ተወ። ረመዳን የያዘው ሙስሊም ባልደረባችን ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ «አይዞሽ፣ እኛም ይዘናል» ይለኛል፤ አፌ ውስጥ ዳቦ ቆሎ ስላለ በአንገቴ እመልስለታለሁ። አንዱ ለዝውውሩ፣ አንዷ ለኮንዶሚኒየም ዕጣዋ እንድጸልይ አደራ አሉኝ። ለፈጣሪ የሚጻፍ ደብዳቤም በመዝገብ ቤት በኩል ቁጥር ተሰጥቶት የሚወጣ ሳይመስላቸው አልቀረም። እሺ፣ እሺ እያልኩ እሸኛቸዋለሁ። ንቀቴ በጨመረ ቁጥር ድምፄ ይለሰልሳል፤ እነሱም ልስላሴውን ቅድስና ነው አሉት።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ በሩ ተከፈተና የአለቃችን ጸሐፊ ገባች። ሃምሳን ያለፈች ሴት ናት። ለአፏ ዳገት የለውም፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አለቃው ቢሮ የተባለውን ነገር አራት ሰዓት ላይ ጥበቃዎቹ ያውቁታል። በአፌ አንቱ እላታለሁ፤ በሆዴ ግን አንቺ ነበረች። ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠችና «ብቻሽን አትጹሚ የኔ ልጅ፣ እኔም ከዛሬ ጀምሮ ይዣለሁ» አለችኝ።

እግዜር ሲቆጣ ዱላ አይቆርጥም ይባላል። ለኔ ጸሐፊ ላከልኝ።

በማግስቱም መጣች፣ በሦስተኛውም ቀን መጣች። የላፕቶፑ ጀርባ ወደ እሷ ስለሆነ የምታየው ፊቴን ብቻ ነው። ምን እንደማዳምጥ ስትጠይቀኝ «መዝሙር» አልኳት። ምን እንደማነብ አልጠየቀችም፤ ራሷ የጸሎት መጽሐፍ አደረገችው። ዳቦ ቆሎው ቀረ። እሷ እያየችኝ መቆርጠም አይቻልም፤ መሳቢያው ሲከፈት እንኳ ሽታው ያጋልጠኛል። ስለዚህ በእውነት ጾምኩ። ሆዴ ይጮሃል፣ እሷ ትሰማለች፣ «በርቺ» ትለኛለች። የተራብኩት ለልብወለድ ነበር።

የገረመኝ ዝምታዋ ነው። ያቺ ሴት እኔ ክፍል ስትገባ አትናገርም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የፋይል መደርደሪያውን እያየች ትቀመጣለች። እኔም ለመድኳትና እንደ አንድ ተጨማሪ መደርደሪያ ቆጠርኳት። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ።

አንድ ዓርብ ግን ተናገረች። አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ አለቻት፤ አንድ ልጇ ናት። አንገቷ ላይ ዕጢ ወጥቶባታል። ሐኪሞቹ በኦፕራሲዮን ወጥቶ ይታይ ብለዋል፤ ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም። የልጅቷ አባት ክፍለ ሀገር ነው የሚሠራው፤ ለሱም ግማሹን ነው የነገረችው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። «ወሬ በዚህ ቤት እንዴት እንደሚሄድ እኔ አውቃለሁ» አለችኝ፤ «የማስሄደው እኔ ነኛ። የልጄን ነገር ሽሮ ላይ ሲያወሩት አልችልም። አንቺ ግን አታወሪም።»

እውነቷን ነው፣ አላወራም። ሰው ስለማልወድ ነው የማላወራው። እሷ ስትነግረኝ ጣቴ መጫኛው ቁልፍ ላይ ነበር። ሰዓት ጠጋኟ ለወንድሟ የመጨረሻ ደብዳቤ እየጻፈች ነው፤ ደብዳቤው ምን እንደሚል ለማወቅ ከሁለት ቀን በፊት ጀምሮ ቋምጫለሁ፤ የሴትየዋ ወሬ ደግሞ ሃያ ደቂቃ በልቶብኛል። «እግዚአብሔር ያውቃል» አልኳት። ይኼ ቃል ወሬ ለመቁረጥ ፍቱን ነው። እሷ ግን እንደ መልስ ተቀበለችው፤ ዐይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ስልክ ቁጥሬን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ጣቴን ተጫንኩ፤ ደብዳቤው መጣ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ሆሳዕና ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዋለ። እሷ ፈቃድ ወስዳለች፤ ለሌሎቹ የመኪና ጉዳይ ነው ብላቸዋለች። ወንበሯ ባዶ ነበር፤ ደስ አለኝ። ይኼን ስጽፍ ልደብቀው ፈልጌ ነበር፤ ግን ደስ ብሎኛል። ልብወለዱ የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደርሷል፤ ላፕቶፑ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር አውጥቷል፤ ዛሬ ካልጨረስኩ ነገ ይከፈት አይከፈት አላውቅም። ምሳ ሰዓት እንደገባ ስልኬ ጠራ። «አሁን አስገቧት» አለችኝ። ድምፁ የሷ አይመስልም። «ብቻዬን ነኝ። ጸልዪልኝ።»

«እሺ» አልኩ። ስልኩን ድምፁን አጥፍቼ መሳቢያው ውስጥ፣ የዳቦ ቆሎው ከረጢት ላይ አስቀመጥኩት።

ከዚያ አነበብኩ። ታሪኩ ወደቡ ላይ ቆመና ጠየቀኝ፤ መርከቡን ትጠብቅ ወይስ ወደ ቤቷ ትመለስ? ትጠብቅ አልኩ። መርከቡ መጣ፤ ወንድሟ የለበትም፤ ዕቃው ብቻ ነው የመጣው። በነሐስ ሰንሰለት የታሰረች፣ በልጅነቷ የሠራችለት ሰዓት። አለቀስኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ በዚያ ቢሮ አንድም ቀን አልቅሼ አላውቅም፤ ለሰው ለቅሶ በሰርቪስ ስንሄድ እንኳ ነጠላዬን ፊቴ ላይ አድርጌ ሰዓቴን ነበር የማየው። ያን ቀን ግን ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ አለቀስኩ፤ ለሌለች ልጅ። ፋይል ፈልጎ በሩን የከፈተ ባልደረባ አየኝና በጣቱ ጫፍ እየረገጠ ተመለሰ።

ስልኬን ያወጣሁት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ደውላለች። ሦስቱም ልብወለዱ ሊያልቅ ሲል የተደወሉ ናቸው። መልሼ ስደውል ስልኳ ዝግ ነበር። ማምሻውን አጭር መልእክት ላከችልኝ፤ ልጅቷ በሰላም ወጥታለች፣ ዕጢውም ክፉ አይመስልም ብለዋታል፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «እንኳን ደስ ያለዎት» ብዬ መለስኩ። በማግስቱ ላፕቶፑ አልከፈት አለ።

ሰው በሌለበት ስለ ራሴ እውነቱን መናገር ሁልጊዜም ይቀለኛል። ስትመለስ እነግራታለሁ አልኩ። በሕማማት ሳምንት አልመጣችም፤ ልጇን እያስታመመች ነው። እኔም በባዶ ክፍል፣ ያለ ላፕቶፕ፣ ያለ ዳቦ ቆሎ እስከ ዘጠኝ ተቀመጥኩ። ለምን እንዳደረግኩት እንጃ። ጠረጴዛው ጋ መሄድ አቃተኝ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ዳግማ ትንሣኤ ባለፈ ሰኞ፣ በምሳ ሰዓት እጄን ይዛ ወደ ስብሰባው ጠረጴዛ ወሰደችኝ። ትልቅ ምሳ ዕቃ ይዛ መጥታለች። ሌሎቹ ሁሉ ተቀምጠዋል። ያን ሁሉ ጊዜ የደበቀችውን የልጇን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በዚያች በለመደችው አፏ፣ ለሁሉም ነገረቻቸው። ሰው ሁሉ መብላቱን አቆመ። እኔም አሁን እናገራለሁ፣ ስትጨርስ እናገራለሁ እያልኩ እሰማለሁ።

«የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ብቻዬን ነበርኩ» አለች። «ሦስት ጊዜ ደወልኩላት። አላነሳችም። በሦስተኛው ልቤ እርፍ አለ። ጸሎት ላይ ናት አልኩ። ከዚያ በቃ፣ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።»

ፋይል ፈልጎ የመጣው ባልደረባ ራሱን ነቀነቀ። እያለቀስኩ ስጸልይ በዐይኑ እንዳየኝ ለሁሉም መሰከረ።

እነዚያን ሰዎች ስድስት ዓመት ንቄያቸዋለሁ። ሽሯቸውን፣ ወሬያቸውን፣ አውራ ጣታቸውን። ከዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚናቅ ሰው ፈልጊ ብባል ያን ቀን ከራሴ በቀር የማገኘው አልነበረም። ሴትየዋ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ በሁለት እጇ ይዛ ወደ እኔ ተነሣች። ሁሉም ያዩኛል። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ይሁን ልጎርስ እስካሁን አላውቅም፤ ጉርሻው ቀደመ።

ዶሮ ወጥ ነበር። በደንብ ተሠርቷል።