በድምፄ እባብ ነበርኩ

አገሬን የለቀቅኩ ማታ ሻንጣዬ በር ላይ ተገትሮ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሳሎናችን ተሰብስቦ ተከታታይ ድራማ ያይ ነበር። ሊሸኙኝ መጥተው እኔኑ ሊሰሙ ተቀመጡ ብላችሁ ታምናላችሁ? የጥንት የቻይና አፈ ታሪክ ነው፤ ነጭ እባብ ሴት ሆና ሰው ታገባለች፣ አንድ መነኩሴ ደግሞ ሊያለያያቸው ይነሳል። ድራማው ወደ አማርኛ ሲመለስ የእባቧ ድምፅ እኔ ነበርኩ። ዲቪ ሲደርሰኝ መነኩሴው ግንብ ሥር እንደቆለፈባት ጥያት ተነሳሁ።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ቤዝመንት የሚሉትን ምድር ቤት ልከራይ የሄድኩት አንዲት ቻይናዊት ባልቴት ዘንድ ነው፤ ሚስስ ሊን ይባላሉ።

«አገርሽ ምን ነበርሽ?» አሉኝ።

እንግሊዝኛዬ ገና ነው። «እባብ ነበርኩ» አልኳቸው።

ወደ በሩ ፈቀቅ አሉ። «እዚህ ቤት የቤት እንስሳ አይፈቀድም።»

«አይ፣ እባቧ እኔው ራሴ ነኝ። ሰው አገባሁ፤ መነኩሴ አሰረኝ።»

«ፖሊስ ያውቃል?»

ግራ ቢገባኝ ስልኬን አውጥቼ ድራማውን ከፈትኩላቸው፤ እባቧ ባሏን ስትሰናበት የምትለውንም እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ በአማርኛ አልኩት። ሚስስ ሊን አፋቸውን ያዙ። ከዚያ እሳቸው በቻይንኛ ቀጠሉበት። ቤዝመንቱ የኔ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ የእባቧን ታሪክ አብረን እናያለን። እኔ ቆሎ ይዤ እወጣለሁ፣ እሳቸው የተቆላ ሱፍ ያቀርባሉ፤ የሳቸው ጨው ይበዛበታል። ያንኑ ታሪክ ቻይኖቹ በየጊዜው እንደ አዲስ ይሠሩታል። በአንዱ እባቧ ካርቱን ናት፣ በሌላው ኮምፒውተር ሠርቷት ደመና ትሰነጥቃለች። ሚስስ ሊን ሁሉንም ይሰድባሉ፤ አንዱም ግን አያመልጣቸውም።

«በእኛ ጊዜ መድረክ ላይ ቆማ ትዘፍን ነበር፤ ማን መብረር አስተማራት?» ይላሉ።

እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ያለችው የአክስቴ ልጅ ሂሩት፣ «ከቻይና ጋር ቁጭ ብለሽ ቻይና ታያለሽ፤ አሜሪካን መቼ ነው የምትጀምሪው?» እያለች ትስቅብኛለች።

አሜሪካማ ሥራ ቦታ አለልኝ። ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ላይ እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር «ሶሪ፣ ምን አልሽ?» የማይለኝ የለም። በድምፄ የኖርኩ ሰው!

ባለፈው ቅዳሜ እማዬ ኮል አደረገችኝ።

«የድራማው ሁለተኛ ምዕራፍ ጀመረ» አለች። «እባቧን ሌላ ልጅ ናት የምትናገርላት።»

«ጎበዝ ናት?»

እማዬ ለማጽናናት ብላ እንኳ መዋሸት አታውቅበትም። «ጎበዝ ናት። አስለቀሰችኝ።»

«እኔስ አስለቅስሽ አልነበረም?»

«አንቺማ እንዴት ታስለቅሺኛለሽ?» አለች። «ስትጨርሺ ወደ ቤት እንደምትመጪ አውቅ ነበራ።»