ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ጠበቃ

ደምሰው ወልዴ ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ በር ላይ ይሠራል። አዲስ አበባ ሳለ ጠበቃ ነበር፤ ይህንን ማንም ሳይጠይቀው ይናገራል። ከመስታወት ክፍሉ ተቀምጦ የሚያነበው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ በፊት የኖረ የአንድ እንግሊዛዊ ጠበቃ ጽሑፍ። ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ የመመረቂያ ጽሑፉን ስለዚሁ ሰው ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ አልተላቀቁም። እንግሊዛዊው ፓርላማም የገባ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን፣ ስለ ዘውድና ስለ ሕግ ሳያባራ የጻፈ፣ ለይቶለት ነገረኛ ነበር። ጳጳሳቱን በጽሑፍ ስለተዳፈረ ጆሮውን በአደባባይ ቆረጡት። እሱ ግን ቁስሉን አስሮ ተመልሶ መጻፍ ጀመረ።

“ጠበቃ ማለት ይኼ ነው!” ይላል ደምሰው።

“ጆሮ የሌለውን ሰውዬህን አስቀምጥና እራትህን ብላ” ትለዋለች ሚስቱ ጌጥነሽ።

ደምሰው አንዳንዴ ደግሞ ይራቀቃል። ያ ሁሉ መጽሐፍ የተጻፈበትን ነገር የእኛ አባቶች በሁለት ቃል ጨርሰውታል ባይ ነው፦ “በሕግ አምላክ!” ይህ ከተባለ ባላጋራም ዱላውን ይጥላል፣ ሯጭም ይቆማል። ሕጉም አምላኩም አንድ ላይ ተጠርተዋልና።

መሠረት ወደ እነ ደምሰው ቤት የመጣችው በፈረንጆቹ 2006 መጨረሻ፣ በረዶ በጣለበት አንድ ቅዳሜ ነው። ቶርንተን በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ሺፍት የምትሠራ፣ ባሏ አዲስ አበባ የቀረባት፣ አንገቷን የደፋች ሴት ናት። መኪና አትነዳም። ኑዕማን የሚባል ታክሲ ነጂ ጎረቤቷ ወደ ቤቱ ሲመለስ ማለዳ ማለዳ ያመጣት ነበር። እሷም እነ ደምሰውም የሚሄዱበት የወንጌል ቤተ ክርስቲያን አንዲት የመዘምራን አባል ከኑዕማን መኪና ስትወርድ አየቻት፤ በሚቀጥለውም ሳምንት አየቻት። ወሬ ደግሞ እግር የለው፣ ክንፍ አለው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሳይጠሯት፣ ሳይጠይቋት “ከኅብረት ታግደሻል” አሏት።

“ጋሽ ደምሰው፣ ባሌ በስልክ ሰማ” አለች። ጃኬቷን እንኳ አላወለቀችም። “እሱም የዚሁ እምነት ሰው ነው። ‘ቤተ ክርስቲያንሽ የምትለውን እቀበላለሁ’ አለኝ። እሱን ወደዚህ ለማምጣት የጀመርኩትን ፕሮሰስ ካንስል አድርጊው ብሏል። እነሱ ከሰሙኝ እሱም ይሰማኛል። ኑዕማንም ከነሚስቱ ከዛኪያ መጥቶ ሊናገርልኝ ፈቃደኛ ነው። ጉባኤው ፊት የሚነበብ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ።”

ደምሰው ዓይኑ በራ። ሳይሰሙ መፍረድ! ይህ እኮ እንግሊዛዊው ጆሮውን የከፈለበት ነገር ነው። ቄስም ይሁን ንጉሥ፣ ፓስተርም ይሁን ሽማግሌ፣ ከሕግ በላይ ማን አለ? የዚያን ዕለት በአሜሪካ ያልተደሰተውን ያህል ተደሰተ፤ አሳዛኙም ነገር ይኼው ነው።

ቁጭ ብሎ ጻፈ። እጁ የለመደውን ያውቃልና ልደታ ፍርድ ቤት ለሚገባ አቤቱታ እንደሚያደርገው ከላይ ርእሱን አሰፈረ፦ “ከሳሽ፦ እህት መሠረት። ተከሳሽ፦ የሽማግሌዎች ቦርድ። ጠበቃ፦ ወንድም ደምሰው ወልዴ።” ከሥሩ ነገሩን አንድ በአንድ፣ ቁልጭ አድርጎ ዘረዘረ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ጽሑፍ ነበር።

ጌጥነሽ መነጽሯን አድርጋ አየችው። “ደምሰው፣ ይኼንን ከላይ ያለውን አውጣው። ‘የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች’ ብለህ ጀምር።”

“ርእስ የሌለው አቤቱታ የት አገር አለ? አንቺ ደግሞ!”

“እኔ የምለው…”

“ሕግ ቅርጽ አለው፣ ጌጤ።”

እሷም ተወችው። ሲያመርር እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለች።

ጉባኤው እሑድ ከሰዓት ተሰበሰበ፤ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር ከአሜሪካኖች በተከራዩት አዳራሽ። ኑዕማንና ዛኪያ ሲጠሩ ሊገቡ ውጭ ፓርክ አድርገው፣ ሂተር ከፍተው ተቀመጡ። መሠረት የመጨረሻው ወንበር ላይ ናት። ፓስተር ኪዳኔ ወረቀቱን ተቀብሎ ወደ መድረኩ ወጣ። ኪዳኔና ደምሰው ወንጌል በተከለከለበት ዘመን በሰው ጓዳ በሹክሹክታ አብረው የጸለዩ ጓደኛሞች ናቸው። ክፉ ሰው አይደለም። ማንበብ ጀመረና የመጀመሪያው ቃል ላይ ቆመ።

“‘ከሳሽ’ ይላል።” ቀና አለ። “ወገኖች፣ ሌት ተቀን ቅዱሳንን የሚከስስ ማን ነው?”

“ሰይጣን!” አለ አዳራሹ።

“እዚህ ደግሞ ‘ጠበቃ፦ ወንድም ደምሰው’ ይላል። የእኛ ጠበቃ ማን ነው?”

“ኢየሱስ!”

“ማን ነው?”

“ኢየሱስ!” እልልታው ቀለጠ፤ ኪቦርድ የሚመታውም ልጅ ዜማ ጀመረ። ኪዳኔ ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል፤ እያሾፈ አልነበረም፣ የሚለውን ያምን ነበር። ወረቀቱን አጠፈና መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ከተተው።

ደምሰው ተነሣ። ደም ሥሩ ተገታትሮ ከእልልታው በላይ ጮኸ፦ “በሕግ አምላክ!”

አዳራሹ ጸጥ አለ። አሮጊቶቹ እጃቸው አየር ላይ ቀረ፤ የድሮው ቃል ነክቷቸዋል። ለአፍታ ያህል ነገሩ የሚገለበጥ መሰለ።

“ወንድሜ ደምሰው” አለ ኪዳኔ ቀስ ብሎ፣ በፍቅር፣ “እኛ እኮ ከጸጋ በታች ነን። ከሕግ በታች አይደለንም።”

“አሜን!” አለ አዳራሹ፤ ዝማሬውም ካቆመበት ቀጠለ።

እነ መሠረት ሲወጡ ኑዕማን የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ “እንግባ?” አለ። መሠረት በአሉታ ራሷን ነቀነቀች። ዛኪያ የኋላውን በር ከፈተችላትና ወሰዷት፤ ያም ለወሬው ሌላ ማገዶ ሆነ።

ባልየው በሳምንቱ ስልክ ማንሣት ተወ። መሠረት ለሥራዋ እንዲቀርባት ቶርንተን ገባች፤ ቸርች የሚባል ደጃፍ አትረግጥም። ጌጥነሽ እዚያው አዳራሽ ትሄዳለች። ደምሰው አይሄድም፤ ማንም ና አላለውም።

ክረምቱ ሳይወጣ መሠረትን አንድ ጊዜ አገኛት፤ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ አውቶቡስ ስትጠብቅ። ይግባኝ ማለት ይቻላል፣ አዲስ አበባ ላለው ለቤተ ክርስቲያኑ ዋና ጽሕፈት ቤት እጽፍልሻለሁ አላት። አስጨረሰችው።

“ጋሽ ደምሰው፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያን ዕለት ከሳሽ ነኝ ብዬዎት ነበር?”

“እሱማ… ፎርሙ ነው እኮ።”

“እኔ ስሙኝ ብቻ ነበር ያልኩት” አለች። አውቶቡሱ መጣና ሄደች።

ደምሰው አሁንም ከመስታወት ክፍሉ ተቀምጦ ያነባል፤ ጆሮው ከተቆረጠበት ገጽ ግን ማለፍ አቃተው። መኪና መጥቶ ጡሩምባ ሲነፋበት ይነሣና በሩን ይከፍታል፤ ተመልሶም እዚያው ገጽ ላይ ይቀመጣል። ያን እሑድ አዳራሹ ውስጥ የማንም ጆሮ አልተቆረጠም። የሁሉም ጆሮ በየቦታው ነበር፤ የእሱም ጭምር።