የቮልሱን ሞተር ማን ያዙር

ያለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባቴ ሐዊን በስልክ ሲጠራት ሰማሁ። እኔ ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቄ ልብስ እያጠፍኩ ነበር። በማግስቱ የአሮጌውን ቮልስ ቫልቮች ሊያስተካክል ስለነበር ሞተሩን በእጅ የሚያዞርለት ሰው ፈለገ፤ ሰው ሲፈልግ ደግሞ ትዝ ያለችው ወለንጪቲ የምታስተምረው የአክስቴ ልጅ ነች። በጓሮው በር ከሚገባው የቤንዚን ሽታ ጋር፣ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ ያው የድሮ ቅናት ተነሳብኝ።

እስከ አሥር ዓመቴ ድረስ ያ ሥራ የእኔ ነበር። ቫልቭ የሚስተካከለው ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ፣ የአዳማ ፀሐይ ሳይከር፣ አባቴ እሁድ ማለዳ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናው ሥር ይገባል፤ እኔ ከኋላ ቆሜ ትልቁን መፍቻ ሞተሩን በሚያዞረው ክብ ብረት፣ በፑሊው ላይ እገጥምና፣ ካንዴላዎቹ ስለወጡ ያለ ብዙ ጉልበት፣ ሞተሩ በቀዳዳዎቹ እፍ እያለ ቀስ አድርጌ አዞራለሁ። ፑሊው ላይ በጠመኔ የተሰመረው ነጭ መስመር ቦታው ላይ ሲደርስ «ደረሰ» ማለት ነበረብኝ። አባቴ ከሥር ሆኖ መስመሩን ስለማያየው ቫልቮቹን የሚያስረው በእኔ ቃል ነበር። ጫማው ብቻ እየታየኝ፣ አባቴ በሙሉ የእኔ የሚሆንልኝ በእነዚያ እሁዶች፣ ያችን አንድ ሰዓት ነበር።

ችግሩ ድምፄ ነው። «ደረሰ» ስል እንኳን አባቴ እኔም አልሰማውም። በየጊዜው እየተሳበ ይወጣና፣ «ለራስሽ ነው ወይ የምትነግሪው?» ብሎ ይጠይቀኛል።

ከዚያ ሐዊ ለትምህርት ከደራ መጥታ እኛ ቤት ገባች። እኩያዬ ነበረች፤ አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ፣ ጨለማ እንደምፈራ ስታውቅ በግድግዳው በኩል ያለውን ቦታ ለቀቀችልኝ። አንድ እሁድ አባቴ እስቲ ሞክሪ ብሎ መፍቻውን ሰጣት። «ገኤ!» ብላ በኦሮምኛ ጮኸች፤ ደረሰ ማለቷ ነው። የጎረቤት ውሻ ሳይቀር መለሰላት፣ አባቴም ከመኪናው ሥር ከት ብሎ ሳቀ። ለእኔ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ከዚያ በኋላ መፍቻው የሐዊ ሆነ፣ የእኔ ሥራ ብሎኖቹን በጣሳ መያዝ።

ስንት እሁድ ጣሳ ይዤ እንደቆምኩ እንጃ። አንድ ማለዳ ግን ማንም ሳይነሳ ወጥቼ መስመሩን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግሁና አራት ጣት ያህል አርቄ ሌላ አሰመርኩ። ሐዊ የእኔን መስመር አምና ጮኸች፤ አባቴ እሷን አምኖ ቫልቮቹን አሰረ። ሞተሩ ሲነሳ ድንጋይ እንደያዘ ቆርቆሮ ተንኳኳ።

«ሐዊ፣ ዓይንሽ የት ነበር?» አላት አባቴ።

ቀሚሴ ላይ የቀረውን ጠመኔ አየች። እኔንም አየችኝ።

«ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብቶብኝ ነው፣ አባባ።»

ማመስገን ይገባኝ ነበር። እኔ ግን ለደግነቷም ቀናሁባት። የዚያን ዕለት ማታ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳ ወደ ደራ እስክትመለስ ድረስም እንደዞርኩ ቀረሁ። ስትመረቅ አልሄድኩም፤ ፎቶዋን ያየሁት በአባቴ ስልክ ላይ ነው።

ከስልኩ ማግስት፣ እሁድ ጠዋት፣ ሐዊ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። በሩ ላይ ጠብቄ መስመሩን ያዛወርኩት እኔ መሆኔን ነገርኳት።

«እሱንማ ያኔውኑ አውቄያለሁ» አለች ፈገግ ብላ። «መፍቻውን ልመልስልሽ ፈልጌ ነበር እኮ። ግን ፊትሽን አዞርሽ፣ በየት በኩል ልስጥሽ?»

አሥራ ስድስት ዓመት እህት ነበረችኝ ለካ፤ አልተጠቀምኩባትም።

አባቴ ከመኪናው ሥር ገብቶ ነበር። ሄጄ ተንበረከክሁና ለእሱም ነገርኩት። «በይ መፍቻውን ያዢ» አለኝ ከሥር ሆኖ። ድምፄ ደርሶት ነበር፤ ድገሚልኝ አላለኝም።