አውሮፕላኗን የነካ ሁሉ ይናገር

ባለፈው ዓመት በበልግ ነው፤ ዝናቡ ወንዞቹን ሞልቶ የቆላውን መንገድ በቆረጠበት ሰሞን። አርባ ምንጭ አየር ማረፊያ የዋልኩት ያ አንድ ቀን ትዝ ባለኝ ቁጥር ልቤ ይመታል፤ ወዲያው ደግሞ ጆሮዬ ይግላል። ደስታውና ኀፍረቱ አንድ ላይ ስለመጡብኝ ለይቼ ማውራት አልችልም። እንዳለ ልንገራችሁ።

የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሻን ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። የምሠራበት ድርጅት መኪና ለማይደርስባቸው የቆላ ጤና ጣቢያዎች መድኃኒት የምታደርስ፣ ሲያስፈልግም ሕመምተኛ የምታመጣ ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን አለችው። ያን ጊዜ ብቻዬን ስላክ የመጀመሪያዬ ነበር። አለቃዬ ሲሸኘኝ "አንተ ካልፈረምክ አትነሳም" ስላለኝ ደረቴን ነፍቼ ነው አርባ ምንጭ የገባሁት።

እዚያ አራት ነበርን። አብራሪዋ ካፒቴን ሜሮን ናት፤ ቁጥብ፣ ቃሏ አንድ የሆነ ሴት። ነዳጅ የሚሞላው ማቴዎስ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ሰፈር የማያውቀው ሰው የለም። አውሮፕላኗን የሚጠብቁት ጋሽ አንጁሎ ስልሳ ያለፋቸው፣ ኦቾሎ ከሚባል የጋሞ መንደር የመጡ ሰው ናቸው። እኔን "ኢንጂነር" ይሉኛል። ቴክኒሻን ነኝ እያልኩ ለማረም ሞክሬ ሲደክመኝ ተውኩት። ደግሞ ማዕረግ ማን ይጠላል?

የዚያን ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የካፒቴን ሜሮን ስልክ ጮኸ። የምትደውለው አንዲት የቆላ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ የሆነ ሴት አለች፤ ልጁ አግድም ሆኖ አልወጣ ብሏል። ኦፕራሲዮን ካልተደረገች ሁለቱም አይተርፉም። ወንዙ ስለሞላ አምቡላንስ አይሻገርም። "ከእናንተ ሌላ ማንም የለንም" ስትል ሁላችንም ሰማናት።

ሩጫ በሩጫ ሆንን። ማቴዎስ ነዳጁን አረጋገጠ፤ እኔ ሁለት መቀመጫ አውጥቼ ቃሬዛ አሰርኩ። ካፒቴን ሜሮን ሞተሩን አስነስታ እስከ ማኮብኮቢያው ጫፍ ሄደች። ለመነሳት ጉልበት ስትሰጠው አየናት። ከዚያ ግን ዞራ ተመለሰች። መስኮቱን ከፍታ "ቀይዋ መብራት በራች። አልተርኔተሩ አይሞላም" አለችኝ።

አልተርኔተር ሞተሩ ሲዞር ባትሪውን የሚሞላው ዕቃ ነው፤ የመኪና ሰዎች ዲናሞ የሚሉት። አየር ላይ ቢበላሽ ሞተሩ አይጠፋም። ችግሩ ወዲያ ማዶ ነው። ቆላው ሜዳ ላይ ሞተር አጥፍተን ሴትዮዋን ስንጭን ባትሪው ደክሞ ቢጠብቀን የሚያስነሳን የለም፤ እሷም እኛም እዚያው ቀረን ማለት ነው። ካፒቴን ሜሮን "ይህ ሳይስተካከል አልሄድም" ያለችው ለዚህ ነው። ሜዳው ደግሞ መብራት የለውም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተነሳን ከዚያ ሳንወጣ ይጨልምብናል።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። የአንድ ሰዓት ሥራ ናት አልኩ። ኮፈኑን ከፈትኩ። አልተርኔተሩን የሚያዞረውን ቺንጋ በጣቴ ገፋሁት፤ ውጥር ነው። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈውን ካርቦን አውጥቼ አየሁት፤ ገና አላለቀም። በቴስተር ለካሁ፤ ኤሌክትሪኩ መድረስ ያለበት ቦታ ሁሉ ይደርሳል። ሞተሩን አስነሳን፤ እንደ ጤነኛ ይሞላል። "አለቀ!" ብዬ ኮፈኑን ዘጋሁ። ካፒቴን ሜሮን ማኮብኮቢያው ጫፍ ደርሳ ጉልበት ስትሰጠው ቀይዋ መብራት ቦግ!

ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ። እኔ ፊት ጤነኛ፣ ጫፍ ስትደርስ በሽተኛ። ኤሌክትሪኩን የሚመጥነውን ሬጉሌተር በመለዋወጫ ቀየርኩት፤ ያው ናት። አዲስ አበባ ስደውል አለቃዬ "ነገ በመንገደኛ አውሮፕላን ሌላ አልተርኔተር እልክልሃለሁ" አለኝ። ነገ! ማቴዎስ ሊረዳኝ ብሎ "ሲቀላ የአይሱዙ ዲናሞ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ፤ በባጃጅ ላምጣው?" ቢለኝ "ይቺ አይሱዙ ናት እንዴ!" ብዬ ጮኽኩበት። አሁን ሳስበው ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀምኩ ነበር። ያኔ ግን ከእኔ በላይ አዋቂ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ነርሷ በየሰዓቱ ትደውላለች። መጀመሪያ "ተነሳችሁ?" ትል ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ "ትመጣላችሁ?" አለች።

ያኔ ፈነዳሁ። "ይህችን አውሮፕላን ማነው የነካካት? እኔ በሌለሁበት ማነው የጎረጎራት?" እያልኩ ካቻቢቴውን መሬት ላይ ወረወርኩት። ማቴዎስ አንገቱን ደፋ። ካፒቴን ሜሮን በሩቅ ወደሚታየው ሐይቅ ዞራ ቆመች። እኔም ተመልሼ ኮፈኑ ሥር ገባሁ፤ ሌላ አንድ ሰዓት ሄደ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ጋሽ አንጁሎ ውሃ ይዘው መጡ። "ኢንጂነር፣ ጠጣና ተቀመጥ" አሉኝ።

"ጋሼ፣ መቀመጫ ጊዜ የለኝም!"

"አውቃለሁ። ግን ቆመህ አላገኘህም።" ከዚያ ለሁላችንም ተናገሩ። "እኛ አገር ቤት ውስጥ ችግር ሲገባ፣ ከብት ሲሞት፣ ልጅ ሲታመም፣ ጎሜ ነው እንላለን። የሆነ ሰው የማይደረግ ነገር አድርጓል። ታዲያ ሁሉም ይቀመጣል። ይሄን አደረግሁ፣ ያን አደረግሁ፣ ይላል። ትንሹም ትልቁም ይናገራል። ማንም አይቆጣም። የሚቆጣ ሰው ካለ ውጭ ይጠብቃል። እሱ እያለ ማን ይናገራል?"

ማቴዎስ ሳቁ አመለጠው። "ጋሽ አንጁሎ፣ ጌታን ተቀብለው ደግሞ ጎሜ ይላሉ?"

"ጎሜውን ትቻለሁ። መናገሩን አልተውኩም።"

ካፒቴን ሜሮን ሰዓቷን አየች። "አሥር ደቂቃ እንስጠው" አለች። በክንፏ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እኔ በልቤ እየሳቅሁ ነው የተቀመጥኩት፤ የኤሌክትሪክ ብልሽት በሽምግልና ሲፈለግ አይቼ አላውቅም።

ጋሽ አንጁሎ ከራሳቸው ጀመሩ። "እኔ ዛሬ ጎህ ሲቀድ አጠብኩት። አፍንጫው ሁሉ የሞተ ትንኝ ነበር። እንግዳ ቆሽሾ አይሸኝም ብዬ ነው። በኦሞ፣ ሦስት ባልዲ። በፊት ለፊት ቀዳዳውም ውሃ ገብቷል።"

"ውሃ!" ብዬ ብድግ አልኩ። "አገኘሁት! እርስዎ ነዎት!"

"ኢንጂነር፣ ወይ ተቀመጥ ወይ ውጭ ጠብቅ። አልጨረስንም።" ተቀመጥኩ። ልቤ ግን ጮቤ እየረገጠ ነው፤ ጥፋተኛው ተገኝቷላ!

ማቴዎስ ቀጠለ። "እኔ ዛሬ ጠዋት ነዳጅ ስሞላ ገብቼ ፎቶ ተነስቻለሁ። የካፒቴኗን ማዳመጫ አድርጌ። ሁለት ሦስት ማብሪያ ነካክቻለሁ። ፌስቡክ ላይም ለጥፌዋለሁ።" ካፒቴን ሜሮን አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ከዚያ የእሷ ተራ ሆነ። "ትናንት ስመለስ ጫሞ ሐይቅ ላይ ያቺ መብራት ሁለቴ ብልጭ ብላ ጠፍታለች" አለች። "መዝገብ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ስለጠፋች ተውኩት። ጽፌው ቢሆን ትናንት ታገኘው ነበር።" ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ትናንት! ጭንቅላቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። የጋሽ አንጁሎ ውሃም የማቴዎስ ፎቶም የዛሬ ጠዋት ናቸው። በሽታው ትናንት ከነበረ የመጣው ከዚያ በፊት ነው። ከዚያ በፊት ሞተሩን የከፈተ ማነው? ሦስቱም ወደ እኔ እያዩ ነው።

"እኔ ምንም..." ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። ዓሳው ትዝ አለኝ።

ከትናንት ወዲያ አንድ የዘይት ቱቦ ስቀይር እጄ አልገባ ስላለኝ፣ ወደ አልተርኔተሩ የምትሄደዋን ቀጭን ሽቦ ከማቀፊያዋ አውጥቼ ወደ ጎን አድርጌያት ነበር። ልመልሳት ስል ማቴዎስ "ዓሳው ይቀዘቅዛል!" ብሎ ለምሳ ጠራኝ። ስመለስ አደርገዋለሁ አልኩ። ስመለስ ኮፈኑን ዘጋሁና ፈረምኩ። ያቺ ሽቦ ሳትታቀፍ ሞተሩ ላይ እየተንቀጠቀጠች ሁለት ቀን ሆኗታል። ጠዋት ስፈትሽ ዓይኔ አሥር ጊዜ አይቷታል፤ የራሴ እጅ ሥራ ስለሆነች አልጠረጠርኳትም።

እውነቱን ልናገር፤ ዝም ልበል ብዬ አስቤ ነበር። ሽቦዋን ቀስ ብዬ አስተካክዬ "ውሃው ነው" ብል ማን ያውቃል? ጋሽ አንጁሎ ራሳቸው አምነዋል። እንጀራቸው ሊቀር እንደሚችልም አውቃለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እኔ ደግሞ የሰው መድኃኒት ልደብቅ ነው። ያቺ ነርስ "ትመጣላችሁ?" ያለችው ጆሮዬ ላይ አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ስለ ሽቦዋም ስለ ዓሳውም አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከጠዋት ጀምሮ የጮኽኩባቸው ሰዎች አንዳቸውም አልጮኹብኝም። ጋሽ አንጁሎ "በል ተነስ" ብቻ አሉኝ።

ሮጥኩ። ሽቦዋ ላስቲኳ ደህና ነው፤ ጫፏን ይዤ ሳብ ሳደርጋት ግን እንደ ጎማ ተለጠጠች። ውስጧ ያለው መዳብ ተበጥሷል። ቆማ ስትለካ ይነካካል፣ ሞተሩ ጉልበት ሲያገኝና ሲንቀጠቀጥ ይለያያል። ጉዱ ይኼ ነበር! በፒንሳ ቆርጬ ጫፏ ላይ አዲስ መያዣ፣ ተርሚናል የምንለውን፣ ገጠምኩ፤ በማቀፊያዋ አሰርኳት፤ ሁለት ጊዜ ሳብኩ፤ ሦስተኛም ሳብኩ። መዝገቡ ላይ የተበላሸውን፣ ያበላሸውንና ያስተካከለውን ጻፍኩ፤ ሁለቱም ቦታ ስሜ ገባ።

ካፒቴን ሜሮን አንብባ "ግባ" አለችኝ።

"እኔ?"

"የጠገንከው አንተ ነህ፤ አብረኸኝ ትበራለህ።"

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ማኮብኮቢያው ጫፍ ደረስን። ጉልበት ሰጠችው፤ አውሮፕላኗ ተንቀጠቀጠች፤ መብራቷ ጨለማ ናት። "አልበራችም! አልበራችም!" እያልኩ ስጮህ "ዝም በልና ቀበቶህን እሰር" አለችኝ። ለዘጠኝ ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀር ከመሬት ለቀቅን።

ጫሞ ሐይቅን ከላይ ለማየት ሰው ይመኛል። እኔ በላዩ አልፌ አላየሁትም፤ ዓይኔ ከዚያች ከአተር ከማትበልጥ መብራት አልተነቀለም። ሜዳው ላይ አርፈን ሞተሩን አጠፋን። ሴትዮዋን በቃሬዛ አስገቧት፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ነርሷና ባሏ አብረዋት ገቡ። በሩ ተዘጋ። ካፒቴን ሜሮን ማስነሻውን ስትይዝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ! እንዲህ ዓይነት ደስታ በሕይወቴ አላውቅም። እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሳይጨልም አርባ ምንጭ አረፍን፤ አምቡላንሱ ቆሞ እየጠበቀን ነበር። ማታ ካፒቴን ሜሮን ደውላ "ሁለቱም ተርፈዋል፤ ሴት ልጅ ናት" አለችኝ። አለቃዬ መዝገቡን ሲያይ ለወራት ብቻዬን እንዳልፈርም ከለከለኝ። ቅር አላለኝም።

በማግስቱ ከጋሽ አንጁሎና ከማቴዎስ ጋር ሙዝ ይዘን ሆስፒታል ሄድን። ባልየው አልጋው አጠገብ ቆሟል። አማርኛ ስለማይችል ነርሷ ትተረጉምለታለች። ወደ እኔ እያመለከተች የሆነ ነገር ስትለው መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ያዘ። "አውሮፕላኗን የሠራት እሱ ነው ብዬዋለሁ" አለችኝ።

ምስጋናውን መሸከም አቃተኝ። "ያበላሸኋትም እኔ ነኝ በይው። ጥፋቴን ሳልናገር እስከዚያ ሰዓት ያቆየኋችሁም እኔ ነኝ።"

ነርሷ አመነታች፤ በኋላ ነገረችው። ሰውየው ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ረጋ ብሎ ተናገረ፤ ነርሷ ተረጎመችልኝ።

"ምነው ጠዋት በተናገርክ፤ እኛ ከጠዋት ጀምሮ ሰማይ ሰማይ ስናይ ነው የዋልነው፣ ይልሃል።"

ያን ሞተር ሲነሳ የሰማሁበትን ቅጽበት ሳስብ አሁንም መጮህ ያምረኛል፤ ወዲያው ግን እነሱ ሰማይ ሲያዩ እኔ ሰው ስሰድብ የዋልኩበት ሰዓት ይመጣብኛል። ሰውየው ያን ብሎኝም እጄን አልለቀቀም።