የጓንቱ ውጭ

ጣሊያን ቡሬ በሰፈረ ጊዜ አንድ ሐኪም ነበረው። ሐኪም የምለው ሌላ ስም ስላላገኘሁለት ነው።

በአጨዳ ወቅት ታላቅ እህቴን ማጭድ ባቷን ቆረጣት። ቁስሉ ትንሽ ነበር፤ ግን አልድን አለ። የጣሊያንን ደጅ መርገጥ ለእናቴ ሞት ነበር፤ የልጇ እግር ግን በለጠባትና እህቴን በበቅሎ ጭና ወደ ቡሬ ወሰደቻት። እኔም ተከተልኋቸው።

ሐኪሙ በሚያክምበት የቆርቆሮ ቤት ግድግዳ ሥር ከሌሎቹ በሽተኞች ጋር ተደርድረን ተቀመጥን። ሐኪሙ ጠዋት ያጠለቀውን የላስቲክ ጓንት ሳያወልቅ ከአንዱ ቁስል ወደ ሌላው ይሻገራል። አስተርጓሚው የአገራችን ሰው ነው። «ጌታው ንጹሕ ናቸው፤ እናንተን በባዶ እጃቸው አይነኩም» ብሎ ኮራብን።

ሐኪሙ ከእኛ በፊት የነበሩትን ሽማግሌ እግር ጨምቆ መግሉን አወጣና ወደ እህቴ ዞረ። ጓንቱ ገና እርጥብ ነበር። እናቴ ነጠላዋን በእህቴ እግር ላይ ጣለች።

«ወንድሜ፣ እባክህ መጀመሪያ ይታጠቡ በልልኝ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ጓንት አጥልቀዋል እኮ! የውስጡ እጅ ካንቺ ፊት ይነጻል።»

«የውስጡን ምን ላድርገው? ልጄን የሚነካት ውጭው ነው።»

አስተርጓሚው ለሐኪሙ አንድ ነገር ነገረው። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ በዚያው ጓንት የእናቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ።

«ምን አልኸው?» አለች።

«ምስጋናሽን አደረስሁልሽ።»

ሌላ ሕክምና በአካባቢው አልነበረም። እናቴ ነጠላዋን አነሳች። ሐኪሙ ቁስሉን ነካካና በፋሻ ጠቅልሎ፣ እስክንመለስ እንዳይፈታ አዘዘ። ሰልፉ ሲያልቅ ጓንቱን አውልቆ እጁን በሳሙና እስከ ክርኑ ታጠበ፤ ታጥቦም አይጠግብ። በእኛ አገር ማዕድ ሳይነካ በፊት ሕፃኑም ባላባቱም እጁን ይታጠባል። ይህ ሰው የሚያውቀው የኋላውን መታጠብ ብቻ ነበር። ከእኛ ወደ እሱ የሚሄደውን ይፈራል፤ ከእሱ ወደ እኛ የሚመጣ ነገር መኖሩን ግን አንድም ጊዜ አላሰበውም።

ወደ ሐኪሙ ስንመለስ የእህቴ እግር እስከ ጉልበቷ አብጦ ነበር፤ ትኩሳቱም ያቃዣታል። ሐኪሙ አፍንጫውን ያዘ።

አስተርጓሚው፣ «ቆሻሾች ናችሁ ይላሉ። ቤታችሁ ወስዳችሁ አበላሻችሁት» አለን።

«ማን ፈታው? ቋጠሮው የራሳቸው አይደለም?» አለች እናቴ።

ይህንንም አልተረጎመውም።

እህቴን የገና በዓል ሳይደርስ ቀበርናት። ሐኪሙ ጦሩ ቡሬን እስኪለቅ ድረስ በዚያው አሠራሩ ቀጠለ፤ ንጽሕናንም ይሰብከን ነበር። አስተርጓሚው ከጌታው ያገኘውን አሮጌ ጓንት አጥልቆ ገበያ መውጣት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ እናቴን አየና «እግዜር ያጽናሽ» ብሎ እጁን ዘረጋላት። እናቴ የራሷን እጅ ነጠላዋ ውስጥ ከትታ አለፈችው።