በአዮ አፍ የተቆጠረችው ልጅ

የያዙኝ ገበያ ላይ፣ ልባሽ ጨርቄን ዘርግቼ ሳለ ነው። ትልቁ ልጄ ከቤት ከወጣ ሰንብቶ ነበር፤ የት እንደገባ ንገሪ አሉኝ። አላውቅም አልኩ። እውነትም አላውቅም። በኋላ ሞያሌ ላይ ጭነት ሲጭን በሰላም ተገኘ፤ ያኔ ግን ይህን ማን ነግሮኝ። ወደ ፖሊስ ጣቢያው ስንሄድ ልቤ ሁለት ቦታ ነበር። የእሱ ነገር አንድ ሐሳብ፤ ትንሿን ልጄን በወባ እንደጋለች እህቴ ጋ አስተኝቻት መውጣቴ ሌላ ሐሳብ።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮው ዝቅ ያለ፤ የነገሌ ፀሐይ ሲበረታ ጣሪያው ይንጣጣል። ጥግ ላይ የሽንት ባልዲ አለ። ከእኔ ጋር ሰባት ሴቶች ሆንን። ሁላችንም በፖለቲካ ነው የተባልነው፤ እኔ ፖለቲካን በሬዲዮ ብቻ ነበር የማውቀው። አዲስ ገቢ ስለሆንኩ ቦታዬ በሩ ሥር ሆነ።

ጠዋት ጠዋት ቆጠራ አለ። ፖሊሱ ደፍ ላይ ይቆማል፤ ከበሩ ጀምረን በየተራ አንድ፣ ሁለት እንላለን። ከሞላ በሩ ይከፈታል፤ ከቤት የመጣ ምግብ ይገባል፤ ያመጣውንም ሰው ከአጥሩ ማዶ እናያለን። ካልሞላ ተዘግቶ ይውላል።

በማግሥቱ ቆጠራው ስድስት ላይ ቆመ። ሰባተኛዋ ከቆላ የመጡ የቦረና እናት ናቸው። እሳቸውም እንደኔ ገና መግባታቸው ነው፤ ለዕድሜያቸው ሲባል ግድግዳው ሥር ያለውን ቦታ ለቀውላቸዋል። ሁሉም አዮ ይላቸዋል፤ እናቴ እንደማለት ነው። ተራቸው ሲደርስ ዝም አሉ። ፖሊሱ ደጋገመ። ዝም። በሩን ቆልፎ ሄደ።

እህቴ ምግብ ይዛ ከአጥሩ ማዶ እንደቆመች አውቃለሁ። ልጄ ትዳን ትባስ የምትነግረኝ እሷ ብቻ ናት። በንዴት ወደ አዮ ዞርኩና በኦሮምኛ ምን አለበት አንዲት ቃል ቢተነፍሱ አልኳቸው። የወታደር ልጅ ነኝ፤ እዚሁ የጦር ካምፑ አጠገብ ስላደግኩ ቋንቋውን ከአማርኛው እኩል ነው የማውቀው። አዮ ቀስ ብለው መለሱልኝ። በእሳቸው አገር ከብትም ልጅም በቁጥር አይጠራም፤ የተቆጠረ ይጎድላል። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ማዶ ክፍል ታስረዋል። ሰው የሚቆጥር ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አንዱ ቢጎድል ማን ይመልስላቸዋል? እሳቸውም ለልጅ፣ እኔም ለልጅ። በሚቀጥለውም ቀን በሩ ሳይከፈት ዋለ።

መላውን ያመጣችው ከአዮ ጎን የምትቀመጠው ልጅ ናት። ጂዳ ሰው ቤት ስትሠራ ቆይታ የተመለሰች፣ ሣቅ የማያልቅባት። በዐረብኛ እንቁጠር አለች። አዮ ተጠራጠሩ፤ እዚያ አገር በዚህ ሰው ይቆጥሩበታል ወይ ብለው ጠየቋት።

“እኔ የቆጠርኩበት ሳህን ነው፣ አዮ። ማታ ማታ ከእመቤቴ ጋር ሳህን፣ ማንኪያ፣ ፎጣ።”

“እንግዲያው ይህ ቁጥር ሰው አልነካም” አሉ አዮ።

ቀኑን ሙሉ ተቆልፎብናል፤ ተማርን። ልጅቷ ነጠላ ጫማችንን ሲሚንቶው ላይ ደረደረችና ሳህን ነው በሉ አለችን። ዋሂድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ። አራተኛው አርባአ መሆኑን ስንሰማ አንዷ፣ “ከሦስት ዘለን አርባ ገባን? ደሞዝሽንም እንዲህ ነው ያስቆጠርሻቸው?” አለቻት። አምስተኛው ደግሞ ኸምሳ ሆኖ አረፈው። ከጉሮሮ ነው፣ ከጉሮሮ እያለች አንገታችንን ትነካካለች። እኔ ሦስተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ያቆምኩ ነኝ፤ አልይዝ አለኝ። የራስሽን ብቻ አትያዢ፣ ሰው ሲወጣ ተራው ይዛወራል እያለች ሁሉንም ለሁላችንም አስያዘችን። አዮ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ይማሩ ያንቀላፉ አይታወቅም።

ሲነጋ፣ ከቆጠራው በፊት፣ ልጅቷን ለምርመራ ጠሯት። ከተደረደረው ውስጥ ጫማዋን አንስታ ወጣች። አስተማሪ የሌለን ተማሪዎች ሆንን።

ፖሊሱ ጀምሩ አለ። በሩ ሥር ያለሁት እኔ ነኝ። በአማርኛ አንድ ብል ይቀለኛል፤ ግን አንድ ካልኩ አዮ ዝም ይላሉ።

“ዋሂድ” አልኩ።

ፖሊሱ ቀና ብሎ አየኝ። ከኋላዬ ኢትኔን ተባለ፤ ተላታ፣ አርባአ፣ ኸምሳ። ቀጥሎ የልጅቷ ቦታ ነው፤ ባዶ ነው። ተራው ወደ አዮ አለፈ። ሲታ ብለው ቢያቆሙ ይበቃል፤ ስድስት ነን።

“ሲታ” አሉ አዮ፣ መዳፋቸውን ባዶው ሲሚንቶ ላይ አሳርፈው። ከዚያ ደረታቸውን ነኩ። “ሰብዓ።”

ፖሊሱ በጣቱ ቆጠረን። ስድስት ሰው፣ ሰባት ድምፅ። ምን ማለታቸው ነው ብሎ እኔን ጠየቀኝ። አዮ በኦሮምኛ ተናገሩ። አሮጊት ናቸው፣ ተሳስተው ነው ብዬ ማለፍ እችል ነበር። እህቴ ማዶ ቆማለች።

“የወሰዳችኋት ልጅ ቦታ ነው፤ ትመለሳለች፤ ሳትጎድል ትቆየን ብዬ ነው ይላሉ” አልኩ።

ፖሊሱ ባዶውን ቦታ አየ። አዮን አየ። ሞልቷል ብሎ በሩን ከፈተው።

እህቴ በሩቁ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ዝቅ አደረገችው፤ ትኩሳቱ ለቋታል ማለቷ ነው። ያመጣችውን እንጀራ ሰባት ቦታ ቆረስነው። ልጅቷ ከሰዓት በኋላ ፊቷ አብጦ ተመለሰች። አዮ ሻርፓቸውን ቦታዋ ላይ አንጥፈው አስተኟት። የሆነውን ስነግራት ባበጠ ከንፈሯ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

“ኸምሳን ከጉሮሮ አላችሁት?” አለች።

ተፈትቼ ወደ ገበያዬ ተመልሻለሁ፤ ዛሬም ግን ፖሊስ ሳይ ልቤ ይመታል። ዐረብ አገር ሊሄዱ የተነሱ የሰፈር ልጃገረዶች የዐረብኛ ቁጥር አስተምሪን እያሉ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ጨርቁን እያጣጠፉ አስቆጥራቸዋለሁ። በቀደም አንዷ፣ “እትዬ፣ አንቺ የት አገር ነበርሽ?” አለችኝ። ድሮ ቢሆን ፈርቼ አንዱን የዐረብ አገር እጠራላት ነበር። እዚሁ ነገሌ፣ እስር ቤት አልኳት። ገበያው ሙሉ ነበር፤ ድምፄን ዝቅ አላደረግኩም።